ቀስ ሲል ቀደሙት

«የማንን ኮት ነው የምትበረብሪው?»

ትልቋ እጇን ከኪሱ መንጭቃ አወጣች። አጎቷ ከመታጠቢያ ቤት ወጥተው፣ እርጥብ እጃቸውን በመሐረብ እያደረቁ ከኋላዋ ቆመዋል።

«ወድቆ አግኝቼው ልሰቅለው ነው» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሻል? ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ነሽ። ሐዘንተኛ ቁጭ ይላል። እናትሽን አታዪም? ከዚያ ወንበር ንቅንቅ ብላለች? ሄደሽ አጠገቧ ተቀመጪና አልቅሺ። ሻይ የሚያፈላ ሰው ሞልቷል።»

«እሺ፣ አጎቴ።»

አጎቷ ወደ ሳሎን እስኪገቡ ጠበቀችና የቀሩትን ኮቶች በመዳፏ እየጫነች ዳበሰቻቸው። ቁልፍ፣ የሲጋራ ፓኮ፣ መነጽር። የምትፈልገው ነገር ኪስ ውስጥ ካለ ኮቱን ወደ አንድ ጎን ያንጋድደዋል፤ ክብደቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ከኮቶቹ መሐል አንዱም አልተንጋደደም።

የምትፈልገው የአባቷን ሽጉጥ ነበር።

አባቷ ሁለት ነበረው። አንዱን ወገቡ ላይ ይታጠቀው ስለነበር፣ የሞተ ዕለት ፖሊስ ከነማኅደሩ ወስዶታል። ሁለተኛው ተኩስ የሚያስተምርበት ነው፤ ከቁም ሳጥኑ ወለል ጋር በብሎን በታሰረ ብረት ሳጥን ውስጥ፣ ባዶውን፣ ጥይት የያዘው ካዝናው ለብቻው ተነቅሎ ያድራል። የሳጥኑ አንድ ቁልፍ ከአባቷ አንገት አይለይም፤ ሌላው ከእሷ ቁልፎች ጋር ነው። ሲያስተምር ሁልጊዜ እንዲህ ይል ነበር፦ «ሐዘን፣ ጠብና መጠጥ የገባበት ቤት ውስጥ መሣሪያ አይደር። ለምታምኑት ሰው ስጡት፤ ራሳችሁ ሲመለስ እሱም ይመለሳል።» ስለዚህ በቀብሩ ማግስት ለአባቷ ሸሪክ፣ አብረውት የተኩስ ማሠልጠኛውን ለሚያስተዳድሩት ሰውዬ፣ ልታስረክብ ሳጥኑን ከፈተችው። ሽጉጡ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ብቻ ነበር የጠበቃት።

ለማንም አልተናገረችም። ቤቱ በሰው ተጨናንቋል፤ የለቀስተኛው ልጆች ከአልጋ ሥር እየገቡ ድብብቆሽ ይጫወታሉ። «ሽጉጥ ጠፍቷል» ብትል ገሚሱ በመስኮት ይዘላል፤ ገሚሱ ደግሞ ፖሊስ ይጠራል። ፖሊስ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማንን እንደሆነ ታውቃለች። ወንድሟን።

ወንድሟን ቤተሰቡ «ትንሹ» ይለዋል። አሁን ጺም አውጥቶ፣ በራሱ ብየዳ ቤት ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ከእህቱም በአንድ ራስ በልጦ እንኳ ስሙ አልተለወጠም። ከቀብር እንደተመለሱ ጥግ አስያዛትና «የሳጥኑን ቁልፍ ስጪኝ» አላት።

«ምን ልታደርግበት?»

«ቤቱን ልጠብቅ።»

«ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ ከማን ነው የምትጠብቀው?»

 ዓይኑ እሷ ላይ አልነበረም፤ በአጥሩ አልፎ ቁልቁል፣ አሮጌው ጋራዥ ወዳለበት ሠፈር ነበር። አባታቸውን የገደለው ልጅ እናት ቤት እዚያ ነው ይባላል። ልጁ አልተያዘም። ገዳይ ያልተያዘበት ቀብር ደግሞ አፈሩ አይረጋም።

*

አባቷ የሞተው ዳቦ ሊገዛ ተሰልፎ ነው።

ሰው የሚያውቀው ይህን ያህል ነበር፦ አንድ ወጣት ሽጉጥ ይዞ ዳቦ ቤቱ ገባ። ሁሉም መሬት ላይ ተኛ። ገንዘብ ተቀባይዋ ያላትን ሰጠችው። እሱ ግን በዚያ አልበቃውም፤ ፀጉሯን ጨምድዶ ሽጉጡን ጆሮዋ ላይ ደገነ። ያን ጊዜ አባቷ ከተኛበት ተነስቶ ሽጉጡን መዘዘና «ልቀቃት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁለት ጥይት ተሰማ። ሁለቱም የልጁ ነበሩ። ልጁ ሮጠ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ተረፈች፣ አባቷ ባንኮኒው ሥር ወደቀ። ፖሊስ ሽጉጡን ሲያነሳው ከካዝናው አንዲት ጥይት አልጎደለችም።

ሰው ሁሉ ፊቱን ወለሉ ላይ ደፍቶ፣ ገንዘብ ተቀባይዋም ዓይኗን ጨፍና ስለነበር ያየ የለም። ያላየ ሰው ደግሞ ወሬ አያጣም።

ሠልጣኞቹ አባቷን «ጋሼ ቀስ በል» ይሉት ነበር። ነገረ ሥራው ሁሉ «ቀስ በል፣ ቀስ በይ» ስለሆነ። እንግዲህ በቀብሩ ማግስት፣ ቡና ለእንግዳ የምትቀዳው ትልቋ ከፔርሙሱ ቀና ስትል፣ አጎቷ አጠገባቸው ላለው ጎረቤት በሹክሹክታ ሲናገሩ ሰማች። የእሳቸው ሹክሹክታ እስከ ግቢው በር ይሰማል።

«ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያስተኩስ ኖሮ፣ በራሱ ሲደርስ እጁ ከዳው። ምስኪን ወንድሜ! ቀስ በል ሲል ኖረ፤ ቀስ ሲል ቀደሙት።»

ጎረቤቱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ትልቋ ሲኒውን አስቀመጠች። ዞር ስትል ትንሹ የኮሪደሩ በር ላይ ቆሟል፤ ሰምቷል። ፊቱ እንደ ብየዳ ብረት ቀልቶ ወጥቶ ሄደ።

*

ማሠልጠኛው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ዙሪያውን ገደል ስለሆነ ጥይት አምልጦ የትም አይሄድም። ወደዚያ የሚመጣው ወታደር አይደለም። ሌሊት ተረኛ የሆነች ፋርማሲስት፣ ሁለቴ የተዘረፈ ወርቅ ሠሪ፣ ከከተማ ርቃ ብቻዋን የምትኖር ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ፈቃድ አውጥተው፣ አዲሱን ሽጉጣቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ በመጀመሪያው ቀን ሊተኩሱ ይቋምጣሉ። አባቷ ሽጉጡን ይቀበልና ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። በምትኩ ከእንጨት የተጠረበ ያቀብላቸዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች አንዴ ፋርማሲስቷ።

«ሽጉጥ ነው።»

«እንጨት ነው እንጂ!»

«እሱን የሚያውቀው እንጨቱ ነው። አንቺ እንዳላወቅሽ ሁኚ። አፈሙዙን ከእግሬ ላይ አንሺልኝ፤ እሱ ባይጎዳኝም ልማድሽ ይጎዳኛል።»

ትልቋ ቅዳሜና እሑድ ታግዘው ነበር። ሌላውን ቀን የታክሲ ሹፌር ናት። አባቷ በሠልጣኞቹ መሐል ሲመላለስ፣ ከኋላ ሆኖ የሚያየው ጣታቸውን ነው። «ለመተኮስ ቁርጥ እስክትሉ ድረስ ጣት ምላጭ አይነካም። ቀጥ ብሎ ከጎኑ ብረቱ ላይ ይተኛል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ መጀመሪያ የሚወጣው ጣት ነው፤ ቀጥሎ ዓይን፣ ቀጥሎ ሌላው።» ዒላማውን ሲያሳያቸውም ከዒላማው ይልቅ ጀርባውን ነበር የሚጠይቃቸው። «ከኋላው ምን አለ?» ይላል። ያላየ ሰው ቀኑን ሙሉ አይተኩስም።

አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ መጣ። እጁ የረጋ፣ ዒላማው የማይስት። በሦስተኛው ትምህርት አባቷ አጠገቡ ሄዶ በዝግታ ጠየቀው። «አንተ ወንድሜ፣ ወረቀቱ ላይ ማን እየታየህ ነው የምትተኩሰው?» ሰውዬው ሳያንገራግር የአንድ ሰው ስም ጠራ። አባቷ ሽጉጡን ከእጁ ተቀብሎ ባዶ አደረገው። ከዚያ በሩ ድረስ ሸኘው፣ በሩ ላይ ግን አልተለየውም፤ ሻይ ቤት ወስዶት እስኪመሽ አወሩ። ለሸሪኩ «ይሄ ሰው የሚያስፈልገው ሽጉጥ አይደለም፣ ሽማግሌ ነው» አላቸው። ጠበኞቹን ራሱ ገብቶ አስታረቀ።

እናቷ እዚያ ጉድጓድ እግሯን አንስታ አታውቅም። ሽጉጡን «ያ ነገር» ትለው ነበር። «ያን ነገር ከምግብ ጠረጴዛዬ ላይ አንሳ!» አባቷ ይለምናታል። «አንድ ቀን እንኳ ባዶውን ያዢው፤ የማታውቂው ነገር ቤትሽ ውስጥ ከሚያድር።»

«እኔ የምይዘው ማማሰያ ይበቃኛል።»

«እሱም ቢሆን ስትናደጂ ያስፈራል» ይላትና ይስቃል።

*

ትልቋ ወንድሟን ጓሮ አገኘችው። የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ አንድ እግሩን ያርገፈግፋል። ሁለት ሕፃናት ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ተደብቀዋል፤ እየገፋች አስወጣቻቸው።

«አምጣው» አለች።

«ምኑን?»

«አታድክመኝ። ቤቱ ልጅ ሞልቶታል። የት ነው ያደረግኸው?»

ትንሹ እግሩን ማርገፍገፍ አቆመ። ቀና ብሎ አያት። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የወሰድሽው?»

«እኔ?»

«ቁልፉን ከቦርሳሽ ውስጥ ሰርቄ ከፈትኩት። ባዶ ነው። ቀድማኝ አሸሸችው ብዬ እኮ ነው ከትናንት ጀምሮ ፊትሽን ማየት ያስጠላኝ።»

«ማልልኝ።»

«በአባዬ አፈር።»

እንዲህ ያለ መሐላ በውሸት እንደማይምል ታውቃለች።  እሱ ጋ ቢሆን ቢያንስ የት እንዳለ ታውቀው ነበር። የግቢው በር ተከፍቶ ድው ብሎ ተዘጋ፤ ሁለቱም ደነገጡ። ሌላ ለቀስተኛ ነው።

«ብታገኘው ምን ልታደርግ ነበር?» አለችው።

«አላውቅም። ሄጄ በራቸው ላይ ልቆም። ይውጣና ይየኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላሰብኩትም።» አፈሩን በጫማው ጫረ። «አጎቴ ያሉትን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አንቺ ነሽ አብረሽው የምትውዪው። እኔ በብየዳ አሳብቤ ሁለት ጊዜ እንኳ አልሄድኩም። እውነቱን ንገሪኝ፤ ፈርቶ ነው?»

 ከዳቦ ቤቱ ስልክ ከተደወለ ጀምሮ የምትሸሸው ጥያቄ ይሄ ነበር። በዚህ ዓመት አባቷ ሻይ ሲቀዳ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይታዋለች። ብርጭቆውን ተቀብላ ራሷ ትሞላለት ነበር፤ ሁለቱም ስለዚያ ነገር አንስተው አያውቁም። ስልኩ ከተደወለ ወዲህ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር፣ ባንኮኒው ፊት የቆመ ሽማግሌና የሚንቀጠቀጥ እጅ ዓይኗ ላይ ድቅን ይላል።

«ንገሪኛ!»

«አላውቅም» አለች። «እንጃ።»

ትንሹ ፊቱን አዞረ።

*

ከሰዓት በኋላ ዝናብ አካፋ። ሳሎኑ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ናቸው፦ አጎቷ፣ ጎረቤቱ፣ ፋርማሲስቷና መስኮት ሥር የተቀመጡት የአባቷ ሸሪክ። እናቷ የአባቷ ሰፊ ወንበር ላይ፣ ጥቁር ሻርፗን እስከ ጉልበቷ አውርዳ፣ እንደ ድንጋይ ተተክላለች። ምግብ እዚያው ያቀርቡላታል። ሌሊትም እዚያው ተደግፋ አነጋች። «መቼም ለባሏ ያላት ፍቅር!» ይላሉ ሴቶቹ፤ «ወንበሩን እንኳ አትለየውም።»

አንዲት ሴት ገባች። ድምፀ ጎርናና፣ ትከሻ ሰፊ፣ ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባት። ማንም አያውቃትም። በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን ከምንጣፉ አርቃ፣ «ያጽናችሁ» አለች እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቀችም።

«ግቢ፣ ተቀመጪ» አሏት ሸሪኩ።

«ቆሜ ልናገር፤ ከተቀመጥኩ አልችልም።» ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። «እኔ ዳቦ ቤቱ ነው የምሠራው። ምድጃ ላይ። ጋሼ የሞቱ ዕለት እዚያው ነበርኩ።»

 ትንሹ ከኮሪደሩ ብቅ አለ።

«ምድጃ ክፍሉ ውስጥ ማሽኑ ይጮኻል፤ ምንም አይሰማም። ዘራፊ መግባቱን በምን ልወቅ? ትኩስ ዳቦ በትሪ ይዤ በሩን በትከሻዬ ገፋ አድርጌ ወጣሁ። ስወጣ ከፊቴ የአንድ ልጅ ጀርባ ነው። ይቺን ታህል» አለችና ክንዷን ዘረጋች፤ «ብዘረጋ እነካው ነበር። ከሱ ትከሻ በላይ ጋሼ ቆመዋል። ሽጉጥ ይዘው። ወደ ልጁ፣ ያው ወደ እኔም። ዓይን ለዓይን ተያየን።»

«ከዚያስ?» አሉ አጎቷ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

«እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። እጃቸው እንደ ብረት ነበር። ሲያዩኝ ጊዜ ግን ጣታቸውን ዘረጉት።»

«ጣታቸውን?» አለች ትልቋ።

«ይቺን።» ሴትዮዋ የቀኝ እጇን አመልካች ጣት ቀጥ አደረገች። «እስከዛሬ አልገባኝም። 'አንቺ፣ ተደበቂ' ብለው ወደ እኔ እየጠቆሙኝ መሰለኝ። ከዚያ ሽጉጡን ወደ መሬት ዝቅ አደረጉት። ልጁ ሽጉጡን አዞረባቸውና ተኮሰ። እኔ ትሪውን ጥዬ በጓሮ በር ሮጥኩ። ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ግን ለፖሊስ መንገር እናንተን እንደመንገር አይደለም። አላስቻለኝም።»

ትልቋ ሳታውቀው ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። የራሷ አመልካች ጣት ከጭኗ ጎን ቀጥ ብሏል።

«አልጠቆመሽም» አለች። ሴትዮዋ እንድትሰማው ቃል በቃል ተናገረች። «ጣቱን ከምላጩ ላይ ማውጣቱ ነው። ሊተኩስ ቆርጦ ነበር። አንቺን ሲያይ ተወው።»

ሴትዮዋ የተዘረጋ ጣቷን አየችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ አጎቷ ተነሱ። ያለወትሯቸው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በብብቷ ገብተው አነሷት፤ የራሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጧትና እሳቸው ግድግዳ ሥር ቆሙ። ትንሹ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ጎረቤቱ ኮቱን አንስቶ ሳይሰናበት ወጣ።

ሴትዮዋ ትንሽ ሲመለስላት ወደ እናትየው ሄዳ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች።

«እመቤቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። በኔ ምክንያት...»

እናቷ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሳመቻት። ግን አልተነሳችም። ትልቋ ይህን አስተዋለች። እናቷ ለሻይ ጠጪ ጎረቤት የምትነሳ፣ ለመብራት ቆጣሪ አንባቢ ወንበር የምትለቅ ሴት ናት። ባሏ ነፍሱን ለሰጠላት ሴት እንዴት አትነሳም? ይልቁንም ሴትዮዋ ወደ ወንበሩ ስትጠጋ እናቷ በግራ እጇ ትራሱን ወደ ታች ጫን አደረገችው።

የአባቷ ዕቃ የተመለሰበት የሆስፒታሉ ከረጢት ትዝ አላት። ሰዓቱ፣ ቀበቶው፣ የአንገቱ ቁልፍ። ፈርማ የተቀበለችው እናቷ ናት።

«ጋሼ» አለች ትልቋ ለሸሪኩ። «ሁሉንም ይዘውልኝ ጓሮ ይውጡ። ልጆቹን አንድም ሳያስቀሩ። በድንጋዩ ግድግዳ ጀርባ ማንም አይለፍ።»

ሽማግሌው ፊቷን አዩ። «ኑ እስቲ፣ አየር እንቀበል» ብለው በዝናብ ሰውን ሁሉ አስወጡ። ትንሹ ብቻ በሩ ላይ ቀረ።

ትልቋ እናቷ ፊት ተንበረከከች። «እማ። የተቀመጥሽበት ነገር ምንድን ነው?»

 «ያ ነገር» አለች እናቷ።

«ካዝናው ውስጡ ነው?»

«ካዝና የምትዪው ጥይት የሚገባበትን ከሆነ፣ እንዳይጠፋ ብዬ ከታች ሰካሁት። ከዚያ ፈራሁ። አባትሽ ብረቱን ከላይ ሲጎትተው ጥይቱ ይወጣ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ጎተትኩት። አልወጣም።»

ትንሹ በሩ ላይ ትንፋሹን ሳበ። እናታቸው ሽጉጡን ባዶ ልታደርግ ብላ አጉርሳዋለች። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ላይ ነው ተቀምጣ ያደረችው፣ የበላችው፣ እንግዳ የተቀበለችው።

«እማ፣ ቀስ በይ» አለች ትልቋ። «እጅሽን ከትራሱ ላይ አንሺ። ሁለቱንም ትከሻዬ ላይ አድርጊ። አሁን ቀጥ ብለሽ ወደ ላይ። ወደ ጎን አትበይ።»

«እግሬ ደንዝዟል።»

«ላንሳሽ። ተደገፊኝ።»

እናቷን እንደ ሕፃን አቅፋ አነሳቻትና ለወንድሟ አሳለፈቻት። ከዚያ የትራሱን ጫፍ በጥንቃቄ ገለጠች። አፈሙዙ የሚያየው ልጆቹ ሲሯሯጡበት የዋሉትን የኮሪደር በር ነበር። እጀታውን ያዘች፤ ጣቷ ብረቱ ላይ ቀጥ እንዳለ አፈሙዙን ወደ ድንጋዩ ግድግዳ አዞረች። ካዝናውን ነቀለች። የላይኛውን ብረት ስባ ያዘች። አንዲት ጥይት ዘልላ ምንጣፉ ላይ ወደቀች፤ ተንከባልላ ወንበሩ ሥር ገባች።

ካዝናውን ከወንበሩ አርቃ አስቀመጠች።

«ባዶ ነው» አለች። «አለቀ።»

«በምን አውቃለሁ?» አለች እናቷ። «አሳዪኝ።»

«እይው። ውስጡ ምንም የለም።»

«ዓይኔን አላምነውም። እጄን ልስደድበት።»

ትልቋ የተከፈተውን ሽጉጥ አቀረበችላት። እናቷ፣ እስከ ትናንት ድረስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንኳን ልትነካው ስሙን ያልጠራችው ሴት፣ ትንሿን ጣቷን ጥይቱ የነበረበት ቀዳዳ ውስጥ አስገብታ ዳበሰች። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። «ባዶ ነው» አለች እሷም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ትንሹ። ድምፁ የልጅነቱ ድምፅ ነበር።

«አንተ ቁልፍ ስትጠይቅ ሰማሁህ። ከሳጥን ትሰርቃለህ፤ ከእናትህ ሥር ግን አትሰርቅም ብዬ ነው።» በቡጢዋ ደረቱን መታችው፣ በስሱ። እጇን ግን እዚያው ተወችው። «አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አትፍረዱብኝ። ያቺ ሴት ስትናገር፣ እዚያ ቆማ እያየኋት፣ ምነው በተኮሰ አልኩ። እኔ! ያን ነገር የምጠላ ሴት፣ ምነው በተኮሰና እሱ በመጣልኝ አልኩ። እየሳምኳት ይህን አሰብኩ።»

ሁለቱ ልጆቿ ተያዩ።  ትልቋ ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ሥር ጥይቷን ፈለገች፤ ከሚያስፈልጋት በላይ ረዘም አድርጋ ፈለገች።

ሸሪኩ ሽጉጡን ባዶውን፣ ተከፍቶ ተቀበሏት። እሳቸውም አዩት፣ እሳቸውም ዳበሱት። የሚቆለፍ ቦርሳቸው ውስጥ ከተው፣ ጥይቱን በሌላ ኪስ አደረጉ። «ራሳችሁ ሲመለስ» አሉ። ትንሹ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ የግቢውን በር ከፈተላቸው፤ መኪናቸው መንገዱን ጨርሶ እስኪታጠፍ ቆሞ አየ። ከዚያ በሩን ዘጋ። ወደ አሮጌው ጋራዥ በኩል አንዴ ተመለከተ። ጺሙ ላይ ውኃ እየወረደ ወደ ቤት ገባና ከልጆቹ አንዱን ትከሻው ላይ አወጣው። ልቡ ገና አልበረደም፤ ግን ዛሬ የትም አይሄድም።

ለቀስተኛው ከጓሮ ተመለሰ። በር እንደገና ይንኳኳል፤ ስልክ ይጮኻል፤ አንዱ ወንበር ይጎትታል። ትልቋ እናቷን ክንዷን ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰደቻት።

«ታጠቢና ትንሽ ጋደም በይ፣ እማ» ብላ ቧንቧውን ከፈተች፤ ሳሙናውን አቀበለቻት።

እናቷ ሳሙናውን ተቀበለች። ቀኝ እጇን ወደ ውኃው አስጠግታ ድንገት ገታ አደረገችው። ትንሿን ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አቀረበች። ሽጉጡ ከሚወለወልበት ዘይት ትንሽ ጣቷ ላይ ቀርቷል። ዓይኗን ጨፈነች።

«የሱን እጅ ይሸታል» አለች።

ሳሙናውን አስቀመጠች። ቧንቧውን ራሷ ዘጋች። ጣቷን መዳፏ ውስጥ አጥፋ ጨበጠችው፤ ጭብጧን ከሻርፗ ሥር ደረቷ ላይ አደረገች። ሳሎን ስትመለስ ሰው ሁሉ ተነሳላት። እሷም ቆማ፣ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ግራ እጇን ሰጠች።